ለጓደኛ መርዶ የሚያመጣ የለም

ለእናት መርዶ ይነገራል። ለእህት፣ ለወንድም፣ ለአክስት ልጅ ይነገራል። ሽማግሌ ይመረጣል፤ የነፍስ አባት ይጠራል፤ ጎረቤት ተሰባስቦ ገና ጎህ ሳይቀድ በር ያንኳኳል። ለጓደኛ ግን ማንም አይመጣም። በተለይ በልጅነታችሁ የተለያያችሁ ከሆነ፣ መሞቱን የሚያውቁት ሰዎች እናንተ መኖራችሁም ትዝ አይላቸውም።

እኔ የልጅነት ጓደኛዬ ማረፏን የሰማሁት ካረፈች ከ15 ዓመት በኋላ ነው። ያኔ የሚያማክረኝ ሰው አጥቼ ነበር። "ከስንት ዘመን በኋላ ምን ያስለቅሳል?" የሚል ብዙ ነው። ስለዚህ እንዴት እንደፈለግኳት፣ እንዴት እንደሰማሁ፣ ከሰማሁ በኋላም ምን እንደጠቀመኝ እጽፋለሁ። እኛን የለያየን የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ነው። ጓደኛው ዓረብ አገር ሄዶ ወይም በሱዳን በኩል ወጥቶ ድምፁ የጠፋበት ሰውም የሚጠቅመው ነገር ያገኝበት ይሆናል።

ስሟን አልጽፍም፤ እናቷ በሕይወት አሉ፣ እንዲጻፍም አልፈለጉም። ያደግነው ጉለሌ ነው። ቤታችን በአንድ ግድግዳ የተያያዘ ነበር። ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠናል። አባቷ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነበሩ፤ እናቷ ቤት ውስጥ ሹራብ እየሠሩ ይሸጡ ነበር። ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት እሷ ጫማዋን አውልቃ በካልሲ ነበር የምትዘለው። "ጫማው እስከ ፋሲካ መድረስ አለበት" ትለኛለች። ስትዘል የታችኛውን ከንፈሯን ትነክሳለች። መስመር ስትረግጥ አይቻት አላውቅም።

ሚኒስትሪ የተፈተንነው በ1990 ነው። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ በባድመ ጉዳይ ጦርነቱ ተነሳ። ሰኔ ላይ ኤርትራዊ የተባሉ ሰዎችን ከየቤታቸው እየወሰዱ ማባረር ተጀመረ። በጦርነቱ ዘመን ከኢትዮጵያ እንዲወጡ የተደረጉት 75 ሺህ ያህል እንደሚሆኑ ይገመታል። ከኤርትራም በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን እንዲሁ ቤት ንብረታቸውን ጥለው መጥተዋል። የጓደኛዬን አባት ሌሊት መጥተው ወሰዷቸው። እናቷና ልጆቹ የተወሰዱት ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። የዚያን ቀን እናቴ አያቴ ጋ ልካኝ ነበር። ስመለስ ቤታቸው ታሽጓል። ደህና ሁኚ አልተባባልንም።

ስልክ ተቆረጠ። ፖስታ ቆመ። መንገድ ተዘጋ። ታኅሣሥ 3፣ 1993 አልጀርስ ላይ ስምምነቱ ሲፈረም አሁንስ ስልኩ ይከፈታል ብለን ነበር። አልተከፈተም።

ወሬ ግን መንገድ አያጣም። አንዱ "ስዊድን ገብታለች፣ አግብታ ወልዳለች" ይለኛል። ሌላው "ጦርነቱ ላይ ነው የቀረችው" ይላል። አንዲት የድሮ ጎረቤታችን ደግሞ "በሊቢያ በኩል ስትሻገር ባሕር በላት" አለችኝ። ከማን እንደሰማች ስጠይቃት መልስ የላትም። ልቤ ውስጥ የቀረው ግን ይኸኛው ነው። መስከረም 23፣ 2006 ላምፔዱዛ አጠገብ ጀልባ ሰጥሞ 368 ሰው አለቀ፤ አብዛኞቹ ኤርትራውያን ነበሩ። ሌሊቱን ሙሉ ኢንተርኔት ላይ የወጣውን ፎቶ እያጎላሁ ፊቷን ስፈልግ አደርኩ። ለካ ያኔ ከሞተች አሥር ዓመት ሊሞላት ነበር።

ስለዚህ በመጀመሪያ የምለው ይህን ነው፦ የሰማችሁትን ወሬ ቶሎ አትመኑ። የሚያጽናናውንም፣ የሚያስፈራውንም። "ማን ነገረሽ? እሱስ ከማን ሰማ? እዚያ የነበረ ሰው አለ?" ብላችሁ ጠይቁ። ይህን የሚመልስ ሰው እስክታገኙ ድረስ ምንም አላወቃችሁም። እኔ ለዓመታት ባሕር በቴሌቪዥን ሲታይ ጣቢያ እቀይር ነበር፤ ባልሆነ ነገር።

ሐምሌ 1፣ 2010 ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ አስመራ ሄዱ፤ ስልኩም በዚያው ሰሞን ተከፈተ። ሐምሌ 11 አውሮፕላን መብረር ጀመረ። መስከረም 1፣ 2011 በዛላምበሳና በቡሬ ድንበሩ ተከፈተ። ያን ጊዜ የነበረውን ስሜት ያየ ያውቀዋል። ሰው የኤርትራን መለያ ቁጥር 291 ብሎ የመጣለትን ቁጥር ይመታል። የማያውቀው ሰው ያነሳል። "ከአዲስ አበባ ነው" ሲባል ሁለቱም ይላቀሳሉ። እኔም እንደዚያ እየመታሁ ደውያለሁ። የሚያነሱት ሰዎች ደግ ነበሩ፤ ስሟንም ይመዘግቡልኛል። ግን በስም ብቻ ሰው አይገኝም።

ሰው የሚገኘው በሰው ነው። ፍለጋውን ከድሮ ሰፈር ጀምሩ። የእድር ጸሐፊው መዝገብ አለው፤ የቤተሰቡን ሁሉ ስም ይዟል፣ ሲሄዱም እድራቸውን ለማን አደራ እንዳሉ ያውቃል። የተባረሩት ሰዎች ንብረታቸውን በውክልና የተዉለት ሰው ይኖራል። አባትየው የሠሩበት ጋራዥ የቆየ ሠራተኛ አይጠፋም። የክርስትና እናት ወይም አባት ካለ ደግሞ ከሁሉም በፊት እዚያ ሂዱ፤ ዘመድ ሳይሆኑ እንደ ዘመድ የሚነገራቸው እነሱ ናቸው። አስመራ ውስጥ ከኢትዮጵያ የሄዱትን "አምቼ" ይሏቸዋል፤ እርስ በርስ ይተዋወቃሉ፣ ሲገናኙም አማርኛ ያወራሉ። አስመራ ውስጥ የምትጠይቁት ሰው ካገኛችሁ ስም ብቻ አትስጡት፤ "የጉለሌ ልጅ፣ የእንትና ጎረቤት" ብላችሁ ሰፈሩን ጥሩለት።

ስም ስትሰጡ እስከ አያት ስጡ። የእናትን ስም ጨምሩ። የቤት ስምና የትምህርት ቤት ስም የሚለያይበት ሰው ብዙ ነው፤ ሁለቱንም ንገሩ። ፌስቡክ ላይ የምትፈልጉ ከሆነ በግዕዝ ፊደልም በእንግሊዝኛ ፊደልም ሞክሩ፤ አንዱን ስም ሰው በአምስት ዓይነት ይጽፈዋል።

የቀይ መስቀልም በር አለ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ከዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ጋር ሆኖ የተጠፋፉ ቤተሰቦችን በነጻ ያገናኛል። በጦርነቱ ጊዜ ስልክ ባልነበረበት፣ የቀይ መስቀል መልእክት የሚባለውን አጭር ደብዳቤ በሁለቱ አገሮች መካከል ያመላለሱት እነሱ ነበሩ። አገልግሎቱ በዋናነት ለቤተሰብ ነው። ስለዚህ ከጠፋው ሰው ቤተሰብ አንድ ሰው አግኝታችሁ አብራችሁ ሂዱ።

ለኔ የሆነልኝ በክርስትና እናቷ በኩል ነው። ሽሮ ሜዳ ነው የሚኖሩት። እትዬ እላቸዋለሁ። 2011 እንደገባ ሄድኩ። ቡና ተፈልቶ ሁለተኛው ላይ ደርሰናል። ስለ አስመራ እየነገሩኝ ነው። "የእናትየዋ ድምፅ ምንም አልተለወጠም። ትልቁ ልጅ ጀርመን ነው አሉ። ትንሹም አግብቷል። ያቺንም ነፍሷን ይማርና..." አሉ። ሲኒው አፋቸው ጋ ሳይደርስ ቀረ። አዩኝ።

"አልሰማሽም እንዴ ልጄ?"

እኔ መርዶዬን እንዲህ ሰማሁ። እሳቸው ያወቁት ነሐሴ ላይ ነው። ከአስመራ የመጣ ዘመድ ለነፍስ አባታቸው ነግሮ፣ ሰዎች ሰብሰብ ብለው በማለዳ ሄደው አርድተዋቸዋል። አልቅሰው ወጥቶላቸዋል። ለኔ መንገር ግን ማንም አላሰበም። ክፋት አይደለም። የልጅነት ጓደኛ ማን ይቆጥራል?

እባካችሁ፣ መርዶውን ያወቃችሁ ሰዎች፣ ጓደኛንም ቁጠሩ። አንድ ሰው ሩቅ አገር አርፎ ዜናው እናንተ ጋ ከደረሰ፣ ቤተሰቡን ካረዳችሁ በኋላ "ጓደኛው ማን ነበር?" ብላችሁ ጠይቁ። እንደ ቤተሰብ ሽማግሌ መላክ ባይቻል እንኳ ሥርዓቱ ይጠበቅለት። ሥራ ላይ ላለ፣ መንገድ ላይ ላለ፣ ብቻውን ለሚያድር ሰው በስልክ አትንገሩ። አጠገቡ ሰው እንዲኖር አድርጉ። ስትነግሩም "ትንሽ አሟት ነበር" እያላችሁ አታንዛዙት። "አርፋለች" በሉ። ቁርጡን ያወቀ ሰው ነው ማልቀስ የሚችለው።

እኔ እንደሰማሁ አላለቀስኩም። ሒሳብ ነበር የምሠራው። ያረፈችው ጥቅምት 1996 ነው። ያኔ እኔ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ነበርኩ። በየዓመቱ ልደቷ ሲደርስ "ዛሬ 25 ሞላት፣ ዛሬ 30 ሞላት" እል ነበር። ሠርጌ ላይ ሚዜዎቼን ስመርጥ አንድ ቦታ ለሷ ትቼ ነበር የቆጠርኩት። ለልጄ ስለሷ አውርቼላት "አንድ ቀን ትመጣለች፣ ታይያታለሽ" ብያታለሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ እሷ የለችም። እያንዳንዱን ዓመት ወደ ኋላ ተመልሼ፣ እሷ በሌለችበት፣ እንደገና ማለፍ ነበረብኝ። ይህን አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር አእምሮዬን የሳትኩ አይመስለኝም ነበር። በእናንተም ላይ ከመጣ እወቁት፤ የዘገየ መርዶ አንዱ ጠባይ ነው። አንዱ ትዝታ ካንዱ ጋር እየተያያዘ ሳምንታት ይወስዳል፤ ከዚያ ይረግባል። ለቅሶው የመጣው እዚያ መሀል ነው፤ እኔ ምሳ ዕቃ እያጠብኩ።

እትዬ የሚያውቁት "በሕመም ነው" የሚለውን ብቻ ነበር። እኔ እንዴት እንደሆነ ማወቅ ፈለግኩ። ለእናቷ መደወል ግን ከበደኝ። የዳነ ቁስል መነካካት መሰለኝ። መፍትሔውን ያመጡት እትዬ ናቸው። አስቀድመው ደውለው "ያቺ የጎረቤት ልጅ ልታለቅስ ትፈልጋለች፣ ትደውል ወይ?" ብለው ጠየቁልኝ። ይህን ሁሉም ቢያደርገው ደስ ይለኛል። በድንገት አትደውሉ። መንገድ የሚጠርግላችሁ ሰው ይኑር። የመጀመሪያው ስልክ ደግሞ የጥያቄ አይደለም፤ ለቅሶ መድረሻ ነው።

ደወልኩ። "እማማ፣ እግዜር ያጥናዎት፤ ሳልደርስ ቀረሁ" አልኩ። ዝም አሉ። "የማን ልጅ ነሽ?" አሉኝ። የእናቴን ስም ነገርኳቸው። "ጓለይ!" አሉ፣ "ልጄ" ማለታቸው ነው፤ ከዚያ ሁለታችንም መናገር አልቻልንም። የዚያን ቀን ሌላ ምንም አላወራን።

እንዴት እንደሞተች የነገሩኝ በሌላ ጊዜ፣ ራሳቸው አንስተው ነው። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ በቡሬ በኩል ወደ አሰብ ወሰዷቸው። ከአሰብ በመርከብ ምጽዋ፣ ከዚያ አስመራ። ጓደኛዬ ባሕር ላይ የሄደችው ያኔ ብቻ ነው። ትምህርቷን እንደጨረሰች የኤርትራ ብሔራዊ አገልግሎት ማሠልጠኛ የሆነው ሳዋ ገባች፤ ከዚያ ለአገልግሎት በምዕራብ ኤርትራ ያለው ጋሽ ባርካ ተመደበች። ቆላ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ወባ ይበረታበታል። ጥቅምት ላይ ትኩሳት ያዛት። "ድካም ነው" እያለች ጥቂት ቀን ቆየች። ወባው ጭንቅላቷ ላይ ወጣ፤ ራሷን ሳተች፤ ሐኪም ጋ ስትደርስ አልሆነም። 20 ዓመቷ ነበር። እናቷ ሲደርሱ ተቀብራለች።

በጊዜ ከታከሙት የሚድን በሽታ ነው። መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው፤ እስካሁንም ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም። ግን ሌላም ነገር ተሰማኝ። ለዓመታት በልቤ ስትሰጥም፣ በጥይት ስትመታ፣ በረሃ ላይ በውሃ ጥም ስትወድቅ አይቻታለሁ። እውነቱ አንድ ነው። ክፉ ቢሆንም አንድ ነው። እንቅልፍ የተኛሁት ከዚያ በኋላ ነው። "ማወቅ ይሻላል ወይስ አለማወቅ?" ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ፣ ማወቅ ይሻላል እላለሁ።

ከጥያቄ ግን ተቆጠቡ። እናት የሰጠችውን ተቀበሉ፤ ያልነገረችውን አትጎትቱ። "ለምን ቶሎ ሐኪም ጋ አልሄደችም?" የሚለው ጥያቄ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ያንን እሳቸው በየሌሊቱ ሲጠይቁት ኖረዋል፤ ከኔ መስማት አያስፈልጋቸውም።

እኔ ልሰጣቸው የምችለው ነገር እንዳለኝ ያወቅኩት ሲቆይ ነው። አንድ ቀን "እዚህ የሚያውቋት ትልቅ ሆና ነው፤ ልጅ ሆና ያወቃት ሰው አጠገቤ የለም" አሉኝ። እኔ የማወራው ምን አለኝ ብዬ፣ ስለ ሰኞ ማክሰኞው ነገርኳቸው። ጫማዋን አውልቃ እንደምትዘል፣ ለፋሲካ እንደምትቆጥበው። "ለዚህ ነዋ ካልሲዋ የማይበረክተው!" ብለው ጮኹ። "እኔኮ የሻጩን ሰውዬ ነበር ስረግመው የኖርኩት!" ሳቁ። ስልኩ ውስጥ አጠገባቸው ላለ ሰው በትግርኛ ደግመው ሲነግሩት ይሰማኛል።

ስለዚህ "ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ብደውል ሐዘን እቀሰቅሳለሁ" ብላችሁ አትቅሩ። እናት አልረሳችም፤ የምትቀሰቅሱት ነገር የለም። እናንተ ዘንድ ግን እሷ የማታውቀው ነገር አለ፦ ክፍል ውስጥ ያለው ልጇ፣ መንገድ ላይ ያለው ልጇ። ትንሿ ነገር ትበልጣለች። የቅጽል ስም፣ ከማን ጋር እንደተጣላች፣ የትኛውን መምህር እንደምትፈራ።

ለቅሶውን በተመለከተ፣ እኔ ተቀምጫለሁ። እህቴ "ሰው ምን ይላል?" ብላኝ ነበር። እትዬ ግን ቤታቸው ምንጣፍ አንጥፈው፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ አንድ ቀን አብረን ተቀመጥን። የሰሙ የድሮ ጎረቤቶች መጡ። "ነፍስ ይማር" አሉኝ፤ ለኔ። ያ ቃል ለኔ መባሉ ብዙ አቀለለልኝ። ጸሎት ለማስደረግ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ቄሱ መጀመሪያ የጠየቁኝ የክርስትና ስሟን ነው። አላውቀውም ነበር፤ እትዬ ነገሩኝ። እናንተም ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ያለ እሱ አይሆንም። አርባውም ሰማንያውም፣ ሙት ዓመቱም ሰባት ዓመቱም አልፏል፤ ለነፍስ የሚደረግ ጸሎት ግን ጊዜ አያልፍበትም ብለውኛል። ጥቅምት ላይ ትንሽ ዝክር እናደርጋለን። ሙስሊም የሆነች የክፍል ጓደኛችን በራሷ ዱዓ ታደርግላታለች፣ ሰደቃም ትሰጣለች።

ለሌሎቹ የክፍላችን ልጆች የነገርኳቸው እኔ ነኝ። አዲስ አበባ ያሉትን ቤታቸው ሄጄ ነው። አንዷ ዱባይ ናት። መጀመሪያ አብራት ለምትኖረው ልጅ ደወልኩ፤ ዓርብ ዕረፍታቸው ላይ አጠገቧ እንድትሆን ተነጋገርን፤ ከዚያ ለራሷ ደወልኩ። አመስግናኛለች።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ፎቶ። ያኔ የተባረሩት ሰዎች የያዙት ትንሽ ሻንጣ ነው፤ አልበም ይዞ የሄደ ብዙ የለም። እማማ ከ1990 በፊት የነበረ የልጃቸው ፎቶ የላቸውም። እኔ ጋ ሚኒስትሪ የጨረስን ቀን የተነሳነው አለ። እዚያ ኢንተርኔቱ ደካማ ነው፤ ስለዚህ በትልቁ አሳጥቤ፣ በረራው ክፍት በነበረበት ጊዜ በሚሄድ ሰው እጅ ላክሁ። ሲደርሳቸው ደወሉ። ስለ ፊቷ ያሉኝ ነገር የለም፤ ያወሩት ስለ ሹራቡ ነው። እሳቸው የሠሩት ነው። ክሩ ከአባቷ አሮጌ ሹራብ የተፈታ ስለነበር ክንዱ ላይ አልበቃ ብሎ ሌላ ቀለም እንደጨመሩበት ነገሩኝ። በፎቶው ላይ ይታያል፤ እኔ በነዚያ ሁሉ ዓመታት አላስተዋልኩትም።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የአስመራ በረራ ነሐሴ 28፣ 2016 ቆሟል። የዱባይዋ ጓደኛችን ሰሞኑን ሌላ ፎቶ አግኝታለች፤ ሁለተኛ ክፍል እያለን የተነሳነው። ጀርመን ላለው ለእማማ ትልቁ ልጅ ልከንለታል፤ እሱ በስልኩ አይቶታል። ለእማማ ግን በእጅ የሚያዝ ያስፈልጋል። ታጥቦ ተዘጋጅቷል፤ በዱባይ በኩል ወደ አስመራ የሚያልፍ ሰው እያፈላለግን ነው።